የኖውሩዝን ማዕድ ከዞራስትራዊ መሠረቱ ተነሥቶ ስለ ማዘጋጀት

ኖውሩዝ ፀሐይ የምድርን ወገብ ከደቡብ ወደ ሰሜን በምታቋርጥበት ቅጽበት የሚጀምር የአዲስ ዓመት በዓል ነው። ዛሬ በኢራን፣ በአፍጋኒስታን፣ በታጂኪስታን፣ በአዘርባጃን፣ በኩርዶችና በሌሎችም በርካታ ሕዝቦች ዘንድ የሚከበር ሲሆን፣ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ከአክባሪዎቹ እጅግ የሚበዙት ሙስሊሞች ናቸው፤ በዓሉን የሃይማኖታቸው ዓመታዊ ሥርዓት አካል አድርገው እስከ ዛሬ የጠበቁት ግን በኢራን ከተሞች በያዝድ፣ በኬርማንና በቴህራን የሚኖሩት፣ የጥንቱን የኢራን ነቢይ የዞራስተርን እምነት የሚከተሉት ዞራስትራውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው የኢራን ሕዝብ ቆጠራ የተመዘገቡት ዞራስትራውያን 25 ሺህ ገደማ ብቻ ስለነበሩ፣ ይህ ጥቂት ማኅበረሰብ የያዘውን ሥርዓት በጥንቃቄ ማወቅ ለቅርሱ ሊደረግ ከሚገባው አክብሮት የመጀመሪያው ነው።

ስለ ኖውሩዝ ማዕድ የሚጻፉ አብዛኞቹ መመሪያዎች ስማቸው በፋርስኛ “ሲን” በተባለው ፊደል የሚጀምር ሰባት ነገሮችን ዘርዝረው ያበቃሉ። ዝርዝሩ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን አዘጋጁ ከገበያ ሰባት ዕቃ ገዝቶ ጨርቅ ላይ ከደረደረ በኋላ ሥራው ያለቀ እንዲመስለው ያደርጋል። እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው፤ ዝግጅቱን በዞራስተር እምነት ከሚታወቁት ከሰባቱ ፍጥረታት መጀመርና የፊደሉን ልማድ በዚያ ላይ ማከል ነው። እንዲህ ሲደረግ እያንዳንዱ ነገር በማዕዱ ላይ የሚቀመጥበት ምክንያት ይኖረዋል፤ አንዱ ባይገኝ በምን እንደሚተካም ግልጽ ይሆናል።

ሰባቱ ፍጥረታትና ማዕዱ

በዞራስተር ትምህርት መሠረት ፈጣሪው አምላክ አሁራ ማዝዳ መልካሙን ዓለም የፈጠረው በሰባት ወገን ነው፤ ለእያንዳንዱ ወገንም “አሜሻ ስፔንታ” ከሚባሉት የማይሞቱ ቅዱሳን አንዱን ጠባቂ አድርጓል። ዛሬ በኢራን የወሮች መጠሪያ ሆነው የቀሩት የእነዚህ ጠባቂዎች ስሞች ናቸው። ባህማን መልካም ሐሳብን የሚወክልና የእንስሳት ጠባቂ ነው። ኦርዲቤሄሽት የእውነትና የሥርዓት፣ በዚያም የእሳት ጠባቂ ነው። ሻህሪቫር የብረታ ብረት፣ ኢስፋንድ ወይም ስፔንታ አርማይቲ የምድር፣ ኾርዳድ የውኃ፣ አሞርዳድ ደግሞ የዕፅዋት ጠባቂዎች ናቸው። ሰባተኛው ፍጥረት ሰው ሲሆን ጠባቂው አሁራ ማዝዳ ራሱ ነው። ለእነዚህ ፍጥረታት ምስጋና ጋሃንባር የሚባሉ ስድስት ወቅታዊ በዓላት በየዓመቱ ይከበራሉ፤ ኖውሩዝ ሰባተኛቸውና የሁሉም ፍጻሜ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። “ሃፍት ሲን” የሚባለው፣ በፊደል የተመረጠው የሰባት ነገሮች ማዕድ፣ በዛሬ መልኩ ከጥንት ዘመን እንደመጣ የሚያሳይ አሮጌ ጽሑፍ የለም። ከእስልምና በፊት በሌላ ፊደል የተመረጠ ማዕድ ነበረ እየተባለ የሚነገረውም ማስረጃ የለውም። ጥንታዊነቱ በጽሑፍ የተረጋገጠው ለኖውሩዝ እህል የማብቀል ልማድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ የጻፈው ሊቁ አል-ቢሩኒ ሰዎች በሰባት ምሰሶዎች ላይ ሰባት ዓይነት እህል እንደሚያበቅሉና ከአበቃቀሉ የዓመቱን ሰብል እንደሚገምቱ መዝግቧል። ስለዚህ የማዕዱ ዋና ነገር ቡቃያው ነው፤ ከሁሉ በፊት መሠራት የሚጀምረውም እርሱ ነው።

ቤቱን ማጽዳት

ዞራስትራውያን በሚጠቀሙበት የዘመን አቆጣጠር እያንዳንዱ ወር 30 ቀን አለው፤ ከዓመቱ ማብቂያ የሚተርፉት አምስቱ ቀናት (በየአራት ዓመቱ ገደማ ስድስት) “ፓንጄ” ይባላሉ። እነዚህ ቀናት በዘርቶሽት (ዞራስተር በፋርስኛ የሚጠራበት ስም ነው) አምስት መዝሙራት ማለትም በጋታዎች ስም የተሰየሙ ሲሆኑ፣ የስድስተኛው ጋሃንባር ቀናትም ናቸው። በዚህ ጊዜ ፍራቫሺ የሚባሉት የሙታን መንፈሶች ወደ ዘመዶቻቸው ቤት እንደሚመለሱ ይታመናል። ኢራናውያን ሁሉ ከኖውሩዝ በፊት የሚያደርጉት ታላቅ የቤት ጽዳት በዞራስትራውያን ዘንድ ለእነዚህ እንግዶች የሚደረግ አቀባበል ነው፤ በመሆኑም ጽዳቱ ፓንጄ ሳይገባ፣ ማለትም እስከ ማርች 15 መጠናቀቅ ይኖርበታል።

ምንጣፎች ተነሥተው ይታጠባሉ፣ መጋረጃዎች ይወርዳሉ፣ የተሰበረው ይጠገናል ወይም ይወገዳል፣ የመዳብና የነሐስ ዕቃዎች እስኪያበሩ ይወለወላሉ። ከዞራስተር ሕግ ጋር የሚስማማ ጽዳት ማድረግ የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገሮችን ይጠንቀቅ፤ ጥራጊውን በእሳት አያቃጥል፣ ወደ ወራጅ ውኃም አይጣል። እሳትና ውኃ በማዕዱ ላይ የሚከበሩ ፍጥረታት ስለሆኑ፣ ለበዓላቸው ተብሎ በሚደረግ ጽዳት እነርሱን ማርከስ ተገቢ አይሆንም። ተጣልተው የቆዩ ሰዎች አዲሱ ዓመት ሳይገባ እንዲታረቁ የሚደረገውም በእነዚሁ ሳምንታት ነው፤ እርቁን ለመጨረሻው ቀን ማቆየት አይመከርም፤ የመጨረሻው ቀን ሥራ የሚበዛበት ነውና።

ሳብዜ፦ ቡቃያውን ማሳደግ

ከበዓሉ 14 ቀን ያህል ቀደም ብለው ይጀምሩ፤ ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሁለት ቀን ይጨምሩ። ስንዴ ቀጥ ያለና ረጅም ቡቃያ ስለሚሰጥ ለጀማሪ የተሻለ ነው፤ ያልተከካ ምስርም በፍጥነት ይበቅላል፤ ቅጠሉ ግን ጥቃቅን ነው፤ ግንዱም ቶሎ ይወድቃል። ለዘር ተብሎ በመድኃኒት የታሸ እህል አይጠቀሙ፤ ለምግብ የሚሸጠውን፣ ያልተሰበረና ያልነቀዘውን ይምረጡ።

እህሉን አጥበው ለአንድ ሙሉ ቀን ይዘፍዝፉት፤ የሚንሳፈፈውን ፍሬ አይበቅልምና ያስወግዱት። ከዚያ ውኃውን አጥልለው በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልሉት፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ በቀን ሁለት ጊዜ ውኃ ይርጩበት። በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ነጭ ጫፍ ሲያወጣ ዝርግ ሳሕን ላይ ወደ አንድ ሴንቲሜትር በሚጠጋ ውፍረት ያስተካክሉት። መሐሉን ትንሽ ከፍ አድርጎ መደልደል በኋላ የሚያምር ቅርጽ ይሰጠዋል። እንደገና በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑትና ቡቃያው ጨርቁን ወደ ላይ መግፋት ሲጀምር ጨርቁን አንሥተው ብርሃን ወዳለበት መስኮት ያቅርቡት፤ በጠራራ ፀሐይ ላይ ግን አያስቀምጡት። ወደ ብርሃኑ እንዳያዘነብል በየቀኑ ሳሕኑን ያዙሩት።

ብዙዎች ቡቃያቸው የሚበላሽባቸው ውኃ በማብዛት ነው። ከሳሕኑ ግርጌ ውኃ ከተጠራቀመ ሥሩ ይሸታል፣ ሻጋታም ይይዘዋል፤ ስለዚህ ውኃው በእርጭት ብቻ ይሰጥ፣ የተረፈውም በየዕለቱ ሳሕኑ ተዘንብሎ ይፍሰስ። ጫፉ ላይ ጥቂት ሻጋታ ከታየ ያንን ክፍል በሰፊው ቆርጦ ማውጣትና ሳሕኑን አየር ወዳለበት ማዛወር ይበቃል፤ መሐሉ ከሻገተ ግን እንደገና መጀመር ይሻላል፤ ለዚህም ሲባል ሁለት ሳሕን ማብቀል ጥሩ ልማድ ነው። ቡቃያው 10 ሴንቲሜትር ያህል ሲደርስ ዙሪያውን በቀይ ጥብጣብ ይታሰራል።

ሳማኑን ማብሰል

ሳማኑ ስኳር ሳይጨመርበት የሚጣፍጥ፣ ከስንዴ ቡቃያና ከዱቄት የሚሠራ ወፍራም ምግብ ነው። በኢራን ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ሌሊቱን ሙሉ እየተፈራረቁ በትልቅ ጋን ያማስሉታል። በጥቂት መጠንም በቤት ሊሠራ ይችላል፤ የሚጠይቀው ጊዜና ትዕግሥት ነው፤ በእኔ አስተያየት ከማዕዱ ዝግጅት ሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚገኘውም ከዚህ ሥራ ነው፤ ምክንያቱም የእህሉ ጣፋጭነት ከየት እንደሚመጣ በዓይን የሚታይበት ሥራ ይህ ብቻ ነው።

ለሳማኑ የሚሆነው ስንዴ እንደ ሳብዜው ይዘፈዘፋል፤ የሚጎነቁለው ግን ተሸፍኖ ብርሃን በማያገኝበት ስፍራ ነው። ነጫጭ ሥሮቹ ተጠላልፈው ነጭ ቀንበጥ ብቅ ሲል፣ አረንጓዴ ከመሆኑ በፊት፣ ሥራው መጀመር አለበት፤ አረንጓዴ ከሆነ ሳማኑው ይመርራል። የጎነቆለው ስንዴ ይወቀጣል ወይም ይፈጫል፤ ውኃ እየተጨመረበትም በጨርቅ ይጨመቃል፤ ወተት የመሰለ ጭማቂ እስከሚወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ወደዚህ ጭማቂ ከደረቁ ስንዴ በክብደት ሦስት እጥፍ የሚሆን የስንዴ ዱቄት ጥቂት በጥቂት ተጨምሮ፣ ሳይጓጉል እስኪዋሐድ ይመታል፤ ቀጭን ሊጥ ሊሆን ይገባዋል።

እሳቱ መጀመሪያ በጣም ዝቅ ማለት አለበት። ስንዴው ሲጎነቁል የሚፈጠረው ኢንዛይም የዱቄቱን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ለብ ከማለት አልፎ ሳይፈላ በሚቆይበት፣ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ባለው ሙቀት ነው፤ ድስቱ ወዲያው ከፈላ ኢንዛይሙ ሥራውን ሳይጨርስ ስለሚጠፋ ሳማኑው ሳይጣፍጥ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት በዝቅተኛ እሳት ያለማቋረጥ ያማስሉ፤ ሲቀምሱት ጣፋጭነቱ ከተሰማዎ በኋላ ብቻ እሳቱን ከፍ ያድርጉ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሰዓታት፣ ሲወፍር የፈላ ውኃ እየጨመሩ፣ ከታች እንዳይዝ በእንጨት ማማሰያ እያገላበጡ ያበስሉታል፤ ነጩ ሊጥ ቀስ በቀስ ወደ ቡናማነት ይለወጣል። ወደ ማብቂያው ላይ ጥቂት የአልሞንድ ፍሬዎች ከነቅርፊታቸው ይጨመራሉ፤ ፍሬው የደረሰው ሰው ምኞት ያደርጋል። በመጨረሻ ድስቱ ተከድኖ በፍም ላይ ወይም በጣም ዝቅ ባለ እሳት በእንፋሎቱ ይረጋጋል።

ስለ እሳቱ

ከዓመቱ የመጨረሻ ረቡዕ በፊት ባለው የማክሰኞ ምሽት፣ ኢራናውያን “ቻሃርሻንቤ ሱሪ” ብለው በየሠፈሩ እሳት ያነድዳሉ፤ ቢጫነታቸውን እንዲወስድ ቅላቱን እንዲሰጣቸው እየተናገሩም ይዘሉታል። ብዙ ጊዜ ይህ የዞራስተር ሥርዓት ነው ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን ለእሳት የሚሰጡት ክብር ስለማይፈቅድ ዞራስትራውያን በእሳት ላይ መዝለልን ነውር አድርገው ያዩታል፤ በጥንቱ አቆጣጠራቸውም የወሩ 30 ቀናት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስም ስላላቸው በሳምንት ቀን የሚቆጠር በዓል አልነበራቸውም። የእነርሱ እሳት በያዝድ አካባቢ መንደሮች በፓንጄ ማብቂያ፣ የአዲሱ ዓመት ጎሕ ሳይቀድ በጣሪያ ላይ የሚነደው ነው፤ ፍራቫሺዎቹን ለመሸኘትና አዲሱን ቀን ለመቀበል ይነዳል። ማዕዱን በዞራስተር ወግ የሚያዘጋጅ ሰው የረቡዕ ዋዜማውን እሳት እንደ ሕዝብ ባህል ሊያከብረው ይችላል፤ ከሃይማኖቱ ጋር ግን አያምታታው።

በማዕዱ ላይ ያለውን ሻማ ወይም የዘይት መብራት በትንፋሽ አለማጥፋትም ከዚሁ የመጣ ነው። መብራቱ እስኪያልቅ ይተዋል፤ ማጥፋት ካስፈለገም በክዳን ይታፈናል።

ማዕዱን መዘርጋት

ማዕዱ ከበዓሉ ዋዜማ ጀምሮ ይዘረጋል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ንጹሕ ጨርቅ በጠረጴዛ ወይም በምንጣፍ ላይ ያንጥፉ፤ ከበስተኋላ መስተዋት ያቁሙ፤ ከፊቱ መብራቱን ያስቀምጡ፤ ብርሃኑ በመስተዋቱ እጥፍ ሆኖ እንዲታይ። መብራቱ የኦርዲቤሄሽት ነው። በብርጭቆ ጎድጓዳ ዕቃ ንጹሕ ውኃ ይሞላና የደረቀ የጦስኝ ቅጠል ወይም አንድ ብርቱካን ይንሳፈፍበታል፤ ይህ የኾርዳድ ድርሻ ነው። ሳብዜው፣ ፖሙና ሁልጊዜ ለምለም የሆነው የሳርቭ ዛፍ ቅርንጫፍ ለአሞርዳድ ናቸው። አዳዲስ ሳንቲሞች ለሻህሪቫር፣ ወተትና ቀለም የተቀቡ እንቁላሎች ለባህማን ይቀርባሉ። ለምድር ጠባቂዋ ለኢስፋንድ በአፈር የተተከለ የሶንቦል አበባ (ሃያሲንት) ከነማሰሮው ማስቀመጥን እመርጣለሁ፤ የተቆረጠ አበባ ምድርን ሊወክል አይችልም። በመስተዋቱ ውስጥ ፊቱን የሚያየው ሰው ራሱ ደግሞ ሰባተኛው ፍጥረት ነው።

የፊደሉን ልማድ ለመጠበቅ ሳብዜ፣ ሳማኑ፣ ሲብ የተባለው ፖም፣ ሲር የተባለው ነጭ ሽንኩርት፣ ሴርኬ የተባለው ኮምጣጤ፣ ሶማቅ የተባለው ቀይ ኮምጣጣ ቅመምና ሴንጄድ የተባለው ዛፍ የደረቀ ፍሬ በትንንሽ ሳሕኖች ይቀርባሉ። ሴንጄድ ወይም ሶማቅ ካልተገኘ ሶንቦሉና ሴኬ የሚባሉት ሳንቲሞች ቁጥሩን ይሞላሉ፤ ለቁጥር ብሎ ሰው ሠራሽ ፍሬ ማስቀመጥ ግን አያስፈልግም።

በዞራስትራውያን ቤት ከዚህ ሁሉ ጋር የጸሎት መጽሐፋቸው ኾርዴ አቬስታ፣ የዘርቶሽት ምስል፣ የጽጌረዳ ውኃ መርጫ፣ ሰንደልና እጣን የሚጤስበት የፍም ዕቃ፣ እንዲሁም “ሎርክ” የሚባል የደረቁ ፍራፍሬዎችና ቅርፊት ያላቸው ፍሬዎች ድብልቅ ይገኛል፤ አልሞንድ፣ ፒስታቺዮ፣ ዋልነት፣ ዘቢብ፣ የደረቀ በለስና ቴምር ይገቡበታል። ሎርክ ለመጣው ሰው ሁሉ በእፍኝ ይታደላል። ሙስሊም ኢራናውያን በመጽሐፉ ቦታ ቁርኣንን፣ ብዙዎችም የሐፊዝን የግጥም መድብል ያኖራሉ። ዞራስትራዊ ያልሆነ አዘጋጅ አቬስታን ለጌጥ ብሎ ባያስቀምጥ ይመረጣል።

ቀይ ዓሣን በትንሽ ብርጭቆ አስገብቶ ማዕዱ ላይ ማስቀመጥ የተስፋፋ ልማድ ቢሆንም መተው ይሻላል። ዓሣው በጠባብ ውኃ ይሠቃያል፤ በኋላ ወደ ወንዝ ከተለቀቀም በዚያ ያሉትን ሌሎች ዓሦች ይጎዳል። ለፍጥረታት ክብር በሚቀርብ ማዕድ ላይ አንድ ፍጥረት ማሠቃየት ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ብርቱካን ያለበት ውኃ ቦታውን ይሞላል።

ቅጽበቱና ከዚያ በኋላ ያሉ ቀናት

ዓመቱ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት አይደለም። ቅጽበቱ በመላው ዓለም አንድ ስለሆነ፣ በኢራን የሚታወጀውን ሰዓት ወስዶ ወደ አካባቢ ሰዓት መለወጥ ያስፈልጋል፤ የቴህራን ሰዓት ከግሪንዊች በሦስት ሰዓት ተኩል ይቀድማል። ቅጽበቱ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ስድስት ሰዓት ገደማ ይዘገያል፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ቀን የሚወሰነውም ቅጽበቱ በቴህራን ከቀትር በፊት ወይም በኋላ በመዋሉ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2025 ማርች 20 ቀን ከቀትር በኋላ 31 ደቂቃ ገደማ ስለዋለ፣ የፋርቫርዲን ወር አንደኛ ቀን ማርች 21 ሆነ።

ቅጽበቱ ሲቃረብ ቤተሰቡ አዲስ ወይም ንጹሕ ልብስ ለብሶ በማዕዱ ዙሪያ ይቀመጣል። ዞራስትራውያን አሸም ቮሁንና ያታ አሁ ቫይርዮን ይጸልያሉ፤ እንግዳ በዝምታ ቆሞ መጠበቅ ይበቃዋል። ቅጽበቱ ካለፈ በኋላ የቤቱ ታላቅ በእያንዳንዱ እጅ የጽጌረዳ ውኃ ያፈስሳል፣ መስተዋቱን ያሳያል፣ ጣፋጭ ያቀምሳል፤ ለልጆችም “ኤይዲ” የሚባለውን ያልታጠፈ አዲስ የብር ኖት ይሰጣል፤ ብዙዎች ኖቱን አስቀድመው በመጽሐፉ ገጾች መካከል ያኖሩታል። ለበዓሉ ምግብ በአረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል የተሠራ ሩዝ ከዓሣ ጋር ይቀርባል።

ጉብኝቱ የሚጀምረው ከታላላቆች ቤት ነው፤ ታናሽ ይሄዳል፣ ታላቅ በኋላ ብድሩን ይመልሳል። የዞራስትራውያንን ቤት የሚጎበኝ ሰው ፋርቫርዲን 6ን እንዳይዘነጋ፤ ይህ ቀን የዘርቶሽት ልደት የሚከበርበት ስለሆነ ቤተሰቦች ወደ እሳት ቤተ መቅደስ ይሄዳሉ። ወደ ውስጥ የሚፈቀድለት እንግዳ ጫማውን ያወልቃል፣ ራሱን በነጭ ይሸፍናል፣ ወደ እሳቱም አይጠጋም።

በ13ኛው ቀን ሕዝቡ ከቤት ወጥቶ በሜዳና በወንዝ ዳር ይውላል። ብዙ ኢራናውያን 13 ክፉ ቁጥር ስለሆነ ነው የሚወጡት ይላሉ፤ በዞራስትራውያን አቆጣጠር ግን የየወሩ 13ኛ ቀን ዝናብን ለሚያመጣው ለቲር የተሰጠ የተባረከ ቀን ነው፤ ከቤት የሚወጡትም ለዝናብ ጸሎት ነው። ሳብዜውን ወደ ወራጅ ውኃ መጣል በስፋት የሚደረግ ቢሆንም፣ ጥብጣቡንና ሳሕኑን ማስቀረት ግድ ነው። ወንዙ አነስተኛ ከሆነ ወይም የመጠጥ ውኃ ከሆነ፣ ቡቃያውን ጥብጣቡን ፈትቶ በወንዙ ዳር አፈር ላይ ማኖር፣ ወይም ለከብት መስጠት ይቻላል። የሻገተ ከሆነ ለከብት አይሰጥም፤ አፈር ውስጥ ይቀበራል።